እጣቢ የጠጣው ጌሾዬ

ይህን ነገር ይጁቤ ገበያ ላይ ሲያወሩት ሰምታችሁ ከሆነ ግማሹ ውሸት ነው፤ የቀረው ግማሽ ደግሞ እውነት ሆኖ እኔን የሚያሳፍር ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ከባለቤቲቱ ስሙት። ጃንሆይ በዙፋናቸው ሳሉ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ቧንቧ ገብቶላት፣ እኛ ዘንድ ግን ውሃ ገና በሴት ጀርባ ይሄድ በነበረበት ጊዜ።

ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሦስት ነገር ትቶልኝ ሞተ፤ የሚያፈስ ቤት፣ አንድ ዓይና በቅሎና ሠላሳ እግር ጌሾ። በቅሎዋ ዓመቱ ሳይዞር ተከተለችው፤ በሕይወት ሳሉ እንዲያ የሚዋደዱ አይመስሉም ነበር። ቤቱም ክረምት በገባ ቁጥር ልከተል አልከተል እያለ ያንገራግራል። የቀረኝ ጌሾው ነው። ቅጠሉን እሸመጥጣለሁ፣ አደርቃለሁ፣ ለጠላ ጠማቂዎች እሸጣለሁ፤ ጨውም በርበሬም ቤቴ የሚገባው በእሱ ነው። የሰው እጅ አላይም። ማለዳ በጌሾዬ መካከል ስንጎራደድ ራሴን እንደ ባላባት ነው የማየው።

ማርቆስ የተዳረችው ልጄ ግን ይህ ኑሮዬ አይጥማትም። ባሏ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው፤ በሰዓት የሚበላ፣ በሰዓት የሚተኛ፣ ከንፈሩን በመሐረብ የሚጠርግ ሰው። ክፉ አይደለም፤ ክፋቱ እንዲያውም ደግነቱ ነው። እነሱ ዘንድ ስሄድ አንድ ወንበር ያመጡልኝና «ቁጭ ይበሉ እማማ» ይሉኛል። ውሃ ልቅዳ ስል ቧንቧ አለ። እንጨት ልልቀም ስል ሠራተኛ አለች። ላውራ ስል ሬዲዮ አለ። እኔ ደግሞ ከተፈጠርኩ ጀምሮ ብዙ ነገር ተምሬያለሁ፤ ቁጭ ማለትን ግን ያስተማረኝ የለም።

ልጄ አንድ መስከረም መጥታ፣ «እማዬ፣ ጌሾው እስካለ ዝም እልሻለሁ። ጌሾው የደረቀ ዓመት ግን ቤቱን ቆልፈሽ ትመጫለሽ። ማይልኝ» አለች።

«ማርያምን!» አልኳት። ጌሾ ደርቆ መቼ ያውቃል? ክረምቱ ባረፈ ማግስት የሚማል መሐላና በጥጋብ ጊዜ የሚሰጥ ምክር አንድ ናቸው፤ ሁለቱም መጋቢትን አያስቡም።

ታዲያ ያን ዓመት ሰማዩ ጨከነ። የበልግ ደመና እንደ ደካማ ለማኝ ደጅ ደጁን አይቶን አለፈ። ምንጫችን ቀጥና ቀጥና የክር ያህል ቀረች። አንድ ገንቦ እስኪሞላ ውዳሴ ማርያም ተደግሞ ያልቃል፤ ውዳሴ ማርያም የማይችሉት ያማሉ፤ ሐሜት ደግሞ ከውዳሴ ማርያም ስለሚረዝም እነሱ ይበልጥ ታጋሾች ነበሩ። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው፣ እኔ እንደምገምተው፣ በመጋቢት ይጁቤ ምንጭ ላይ ወረፋ ይዞ የቆመ ነው።

የምቀዳው ገንቦ ለእኔ ጉሮሮ ይበቃል፤ ለሠላሳ ጌሾ ጉሮሮ ግን ከየት ይምጣ? ቅጠሉ ጫፍ ጫፉን እንደ አሮጌ ወረቀት መጠቅለል ጀመረ። በዓይኔ ላይ ያቺ ወንበር መጣችብኝ።

እንዲህ ስብከነከን ነው ከማርቆስ አንድ የጤና ሰው የመጣው። በገበያ ቀን ዋርካው ላይ ሥዕል ያለበት ሸራ ሰቀለና ሰበሰበን። መልከ መልካም ልጅ ነው፤ ጫማው ላይ አቧራ እንዳይነካው እየዘለለ ይራመዳል። «እናቶቼ፣» አለ፣ «ውሃ አንድ ጊዜ ሠርታ አትሰናበት። ዕቃ ያጠባችሁበትን፣ ገላ የታጠባችሁበትን አትድፉት። በተሰበረ ገንቦ ውስጥ ጠጠር፣ አሸዋና ከሰል ደርባችሁ አሳልፉት። ከዚያ ለጓሮ አትክልት ይሆናል። አደራ፣ ለመጠጥ አይደለም!»

ሴቱ ሁሉ ሳቀ። የሰፈራችን ጠላ ጠማቂ ጥሩነሽ፣ ጌሾዬን የምትገዛኝ እሷ ናት፣ ከኋላ ሆና ጮኸች፤ «ልጄ፣ ሚስት አለችህ?»

«ገና አላገባሁም።»

«ጠርጥሬ ነበር! እጣቢሽን አትድፊ፣ አስቀምጪልኝ የሚል ወንድ ማን ሊያገባው!»

ልጁ ቀላ። እኔ ግን አልሳቅሁም። እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ፤ የተማረ ሰው ሲነግረኝ ሙሉውን አምናለሁ፣ ከዚያ ከራሴ ትንሽ እጨምርበታለሁ። ጥፋቱ ሁልጊዜ የሚወጣው ከጨመርኩት ነው።

የመጀመሪያው ጭማሪዬ ቅበላ ሰሞን ሆነ። ጠጠርና አሸዋ ለማምጣት ሰነፍኩና፣ «ጌሾ መቼ አፍንጫ አለው» ብዬ የዶሮ ወጥ ድስት ያጠብኩበትን እንዳለ ሥሩ ላይ ገለበጥኩት። ጌሾ አፍንጫ የለውም፤ ውሻ ግን አለው። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የይጁቤ ውሾች ጓሮዬ ላይ ማኅበር ተቀምጠዋል። ከሥሩ ዶሮ የተቀበረ መስሏቸው ሦስት እግር ጌሾ ነቅለዋል፤ አራተኛው ላይ ደግሞ ይጣላሉ። በመጥረጊያ አባረርኳቸው፤ አንዱ እየሄደ ዞር ብሎ ያየኝ አስተያየት «ድስቱን ወዴት ሰወርሽው?» የሚል ነበር።

ሁለተኛ እንዲያማ አይሆንም ብዬ ገንቦዬን በሥርዓት አዘጋጀሁ። ቂጡን በሳሁ፣ ጠጠር አደረግሁ፣ አሸዋ አደረግሁ። ከሰሉን ግን፣ ይኸው ደግሞ ጭማሪዬ፣ ደቀቅ ካለ ይበልጥ ያጠራል ብዬ በሙቀጫ ወቀጥኩት። ውሃውን ሳፈስበት ከታች የወጣው ነገር ሌሊት ነው እንጂ ውሃ አይደለም። ነጭ ነጠላዬን፣ እግሬን፣ አጠገቤ የቆመችውን ዶሮ ሁሉ አጠቆረ። በዚያ ሰዓት የነፍስ አባቴ ቄስ ሞላ በአጥሩ ሥር ያልፋሉ።

«ምነው ልጄ፣» አሉኝ በመቋሚያቸው ተደግፈው፣ «ቀለም በጠበጥሽሳ! ዳዊት ልትጽፊ ነው?»

«ውሃ እያጠራሁ ነው አባቴ።»

«አየሁት። ሳይጠራ ምን ይመስል ነበር?»

ከሰሉን አንኳር አንኳሩን መርጬ ደህና አድርጌ አጥቤ ስመልሰው፣ እንዲያው ምን ልበላችሁ፣ ውሃው እንደ ሕፃን ዓይን ጠርቶ ወጣ። ልጁ እውነቱን ነው! ደስ አለኝና እልል ልል አፌን ከፍቼ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ብቻዬን የምኖር ሴት ምን ያህል እጣቢ ይወጣኛል? አንድ ሳህን፣ አንድ ድስት፣ ሁለት እግር። ለሠላሳ ጌሾ፣ ይቅርታ፣ ለሃያ ሰባት ጌሾ ይህ ምራቅ ማለት ነው። ስለዚህ እጣቢ ለማብዛት ንጹህ ዕቃ አውጥቼ ማጠብ ጀመርኩ። ሳጥን ውስጥ የተቀመጡትን የሠርጌን ብርጭቆዎች ሳይቀር አጠብኩ። ሦስት ቀን ከደከምኩ በኋላ ነው፣ ከምንጭ ንጹህ ውሃ ተሸክሜ አምጥቼ፣ አቆሽሼ፣ መልሼ እያጠራሁት መሆኔ የገባኝ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ለእናንተም ባልነግር ይሻለኝ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጥፋቴ ደረስን።

ከአጥሬ ማዶ ሼህ እንድሪስና ሚስታቸው ዘይነባ ይኖራሉ። እሳቸው የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ቤታቸው በልጅና በዘመድ የተሞላ። እስላሞች መቼም ለስግደት ሲቆሙ እጅ እግራቸውን፣ ፊታቸውን ይታጠባሉ፤ ውዱ ይሉታል። በቀን አምስት ጊዜ! ያ ሁሉ ሰው! በድርቁ ጊዜ እንኳ ሼሁ በሁለት አህያ ከሩቅ ወንዝ እያስመጡ ይህን አላስታጎሉም። የሚታጠቡበት ጠፍጣፋ ድንጋይ ደግሞ አጥሬ ጥግ ነው፤ ውሃው ከዚያ ወርዶ መንገድ ላይ ይባክናል። በአገሩ ያለው ሣር ሁሉ ሲከስል፣ በዚያ ድንጋይ ዙሪያ ያለው ሣር ግን እንደ ሰኔ ለምልሟል። አየሁት። ዋጥ አደረግሁት። አደርኩበት።

በማግሥቱ፣ «ዘይነባዬ፣» አልኳት በአጥሩ ላይ፣ «ይኼ የምትታጠቡበት ውሃ መንገድ ላይ ከሚባክን ቦይ ቀድጄ ወደ እኔ ላሳልፈው?»

«ምን ሊያደርግልዎ እትየ?»

እዚህ ላይ ምላሴ አንድ ሥራ ሠራች። «ለጎመኔ» አለች።

ጎመን አልነበረኝም እንዳትሉ፤ ነበረኝ። ሦስት ነበሩ። ከጌሾው ኋላ።

«ውሰዱት እንጂ! ለጎመን ከሆነማ ሰደቃ ነው» አለች ዘይነባ ከሙሉ ልቧ። እንግዲህ በዐቢይ ጾም፣ ሥጋና ቅቤ ከአፌ አርቄ፣ በዚያው አፌ ዋሸሁ።

ውሃው ገባ። በገንቦዬ እያሳለፍኩ በየሥሩ አከፋፈልኩት። ሁለት ሳምንት አልፈጀም፣ ጌሾዬ ቀና ቀና አለ፤ ሦስት ሳምንት ሲሆነው ለጋ ቅጠል አወጣ። በዚያ ቡናማ ሰፈር ውስጥ የእኔ ጓሮ ብቻ አረንጓዴ ሆነና ከሩቅ የሚታይ ኃጢአት ሆነብኝ። ምንጭ ላይ ሴቶቹ ስደርስ ዝም ይላሉ። ጥሩነሽ ደግሞ ዝም ማለት የማትችል ናትና አንድ ቀን ራሷ መጣች።

ጌሾውን አየች፣ ቦዩን አየች፣ ቦዩን እንደ አደን ውሻ ተከትላ አጥሩ ሥር ደረሰች። «እትየ! ይኼ እኮ እስላሞቹ የሚታጠቡበት ነው!»

«ውሃ ነው፣ ጥሩነሽ።»

«በዚህ የበቀለ ጌሾ ጠምቄ ለማርያም ማኅበር ላቅርብ? ጠጪዎቼ ቢሰሙ ዋንጫውን ራሴ ላይ ነው የሚደፉት!»

ይህን ስትል ከአጥሩ በላይ አንድ ሻሽ ብቅ አለ፤ ዘይነባ ናት። «ጌሾ? እትየ፣ ጎመን አይደለም ያሉኝ?»

«ጎመኑ...» አልኩ፤ «ከኋላ ነው።»

«ለአላህ የታጠብንበት ውሃ ጠላ ሊሆን? ያ ረቢ! ባሌ ቢሰማ ምን ይለኛል?»

«የእኔስ ጠጪዎች ቢሰሙ!» አለች ጥሩነሽ።

«እንዲህ ያለ ነገር ታይቷል?» አለች ዘይነባ።

«ኧረ የት ታይቶ!» አለች ጥሩነሽ።

ሁለቱ በጎረቤትነታቸው አንድም ቀን በአንድ ነገር ተስማምተው አያውቁም ነበር። የእኔ ጌሾ አስማማቸው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቦዬ በድንጋይና በጭቃ ተደፈነ፤ ጥሩነሽም ሌላ ጌሾ ፍለጋ ወደ ደብረ ኤልያስ ሰው ላከች። በሳምንቱ ለጋው ቅጠል አንገቱን ደፋ። ሁለቱን ሴቶች ማጣቴ አንድ፣ ጌሾውን ማጣቴ ሁለት፣ ያቺ ወንበር ሦስት። አልቻልኩም፤ ቄስ ሞላ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ተናዘዝኩ።

እሳቸው ከሼህ እንድሪስ ጋር የልጅነት ባልንጀሮች ናቸው፤ አብረው ጥጃ ያገዱ። እሑድ ከሰዓት በኋላ አጥሬ ሥር ሁለት በርጩማ አስወጥተው ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ተሰበሰበ።

«ጥሩነሽ፣» ጀመሩ ቄስ ሞላ፣ «ክረምት የሚዘንበው ዝናብ በእንድሪስ ጣራ ላይ ወርዶ በአንቺ ጓሮ አያልፍም?»

«ያልፋል አባቴ።»

«ታዲያ ዝናቢቱ ጣራው ላይ ስትደርስ ሰለመች?»

«አባቴ፣ በዝናቡ እኮ ማንም እግሩን አልታጠበበትም!»

«ቁራ ታጥቦበታል» አሉ ቄሱ። ሰው ሳቀ፤ ጥሩነሽ ግን ክንዷን እንዳጣመረች ነበረች።

ሼህ እንድሪስ ተራቸውን ያዙ። ለስላሳ ሰው ናቸው። «እኔ ውሃው ከደጄ ከወጣ በኋላ የት እንደሚደርስ አልከታተልም፤ አላህ ያውቃል። ጠላ ጋን ውስጥ እንደሚደርስ እያወቅሁ ግን በእጄ ቦይ ልክፈትለት? ይኼ ይከብደኛል። እትየ፣ ቢነግሩኝ ኖሮ ሌላ ዘዴ አናጣም ነበር።»

«ዋሽቻለሁ» አልኩ።

«ስንት ጎመን አለዎ?» አለች ዘይነባ ከሴቶቹ መካከል።

«ሦስት።»

«ለሦስት ጎመን በቀን አምስት ጊዜ!» ብላ ሳቀች፤ እየተቆጣች ነበር፣ ሳቋ አመለጣት። እኔም በዚያ ሳቅ ልብ አግኝቼ ወደ ጥሩነሽ ዞርኩ።

«ጥሩነሽ፣ ብቅልሽን የነከርሽበትን፣ ጋንሽን በግራዋ ያጠብሽበትን ውሃ የት ትደፊዋለሽ?»

«መንገድ ላይ ነዋ። ማንም ያውቃል።»

«አፍንጫ ያለው ሁሉ ያውቃል» አለች ዘይነባ።

ቄስ ሞላ መቋሚያቸውን መሬት ላይ ጠቅ አደረጉ። «ተገኘ! የጠላ ቤቱ እጣቢ ወደ ጌሾው ይሂድ፤ ከጠላ መጥቶ ወደ ጠላ ይመለሳል፣ ማንንም አይነካም። የእንድሪስ ውሃ ደግሞ ለጎመን ይሁን።»

«ጎመኑ ሦስት ከሚሆንማ ሠላሳ ይሁንና በሁለት ቤት ይቅረብ» አሉ ሼህ እንድሪስ።

ጥሩነሽ፣ «እጣቢ ተሸክሜ ሰው ጓሮ ልመላለስ?» ብላ አጉረመረመች። የዚያን የጤና ልጅ ንግግር እኔ ደግሜ ለተሰበሰቡት ሴቶች አሰማሁ፤ ገንቦዬንም አሳየኋቸው። የእኔ ስብከት ከልጁ የሚሻለው ውሾቹንና ጥቁሩን ውሃ ስለጨመርኩበት ነው። ሰው ጥበብን ከሚሰማ የሌላውን ሞኝነት ቢሰማ ቶሎ ይገባዋል።

ነገሩ በዚህ ባለቀ ደግ ነበር። ግን ወሬ ከውሃ ቀድሞ ይደርሳል። «የእናትሽ ጌሾ ደረቀ» ብሎ ማርቆስ የነገራት ሰው ነበርና ልጄ በሦስተኛው ቀን ከተፍ አለች። ቅጠሉ ገና እንደተጠወለገ ነው።

«አጠጥተነዋል፤ ሊነሳ ነው» አልኳት።

«ምለሻል እማዬ።»

ቁልፉን ለዘይነባ ሰጥቼ ሄድኩ። ፋሲካን ማርቆስ ወንበሬ ላይ ዋልኩ።

በማግሥቱ ጠዋት አማቼ ግቢው ውስጥ ካለችው ቧንቧ ሥር ቆሞ ፊቱን ሳሙና ይቀባል። ዓይኑን ጨፍኗል። ቧንቧዋ ተከፍታ ትፈሳለች። ትፈሳለች! የይጁቤ ሴት ውዳሴ ማርያም ደግማ የምትቀዳውን እሱ ሳሙና እስኪቀባ ይደፋዋል! ልቤ አልቻለም። ሳፋ አንስቼ ሮጥኩና ከሥሩ አስቀመጥኩ። ዓይኑን ሲገልጥ አፍንጫው ሥር ተንበርክኬ አገኘኝ።

«እማማ? ምን ጠፋብዎ?»

«ምንም ልጄ፣ ታጠብ አንተ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳፋና ባልዲ ይዤ ከኋላው ሆንኩ። የግቢዋን ጽጌረዳ አጠጣሁ፣ የጎረቤቱን ኮክ አጠጣሁ። ሰውዬው እጁን ለመታጠብ ግራ ቀኝ አይቶ እንደ ሌባ መውጣት ጀመረ። በሳምንቱ የመሥሪያ ቤቱ አለቃ ለምሳ ተጋበዙ፤ ልጄ «ዛሬ ብቻ እማዬ፣ ዛሬ ብቻ!» ብላ ለምናኝ ነበር። እኔም እሺ ብዬ ማስታጠቢያውን ብቻ ያዝኩ፤ ይህ የትልቅ ሰው ወግ ነውና ማን ይከለክለኛል? አፈሰስኩላቸው። አለቃው ጨርሰው እጃቸውን ሊያራግፉ ሲሉ አፌ አመለጠኝ፤ «ጌታዬ፣ ትንሽ ይጨምሩ፤ ጽጌረዳዋ አልጠገበችም።»

አማቼ እንደ በርበሬ ቀላ። አለቃው ግን፣ «የቷ ጽጌረዳ?» አሉ። ነገርኳቸው። ከጽጌረዳዋ ወደ ገንቦው፣ ከገንቦው ወደ ውሾቹ፣ ከውሾቹ ወደ ጎመኑ። ወጡ ቀዘቀዘ። እየሳቁ እንባቸውን በመሐረብ ጠረጉና፣ «ከሰሉ ይታጠባል አሉኝ?» ብለው ሁለት ጊዜ ጠየቁ። አማቼ ግን ምን እንደበላ የሚያውቅ አይመስለኝም።

በሁለተኛው ቀን ሼህ እንድሪስ ጨርቅ ሊያመጡ ማርቆስ መጥተው በር አንኳኩ። «እትየ፣» አሉኝ ገና ሳይቀመጡ፣ «ጌሾዎ ተነስቷል፤ ለጋ ቅጠሉ እንደ ክንድ ነው። ጥሩነሽ የደብረ ኤልያሱን ትታ ከእርስዎው ልትገዛ ነው። ግን ይምጡልን። እሷና ዘይነባ አጥሩ ላይ ሆነው፣ ያኛው ጠገበ፣ ያኛው ጠማው እያሉ ሰፈሩን አደንቁረውታል። ሌሎቹም ሴቶች እጣቢ እየተሸከሙ ወደ እርስዎ ጓሮ ይመጣሉ፤ ለራሳቸው ጓሮ ገንቦ እንዴት እንደሚበሳ የሚያሳያቸው የለም። ወይ መጥተው ያሳዩዋቸው፣ ወይ ጓሮዎ ሐይቅ ሊሆን ነውና ከጣና ታንኳ ላምጣልዎ።»

ልጄ አፏን ከፈተች። አማቼ ቀደማት። «መሐላው ጌሾው ከደረቀ ነበር» አለ፤ ይህን ያህል ሲፈጥን አይቼው አላውቅም። «ጌሾው ደግሞ አልደረቀም። ሼህ እንድሪስ ምስክር ናቸው። በቅሎ ልፈልግ እማማ?»

በማግሥቱ ማለዳ በቅሎው ተጫነ። አማቼ ሊሸኘኝ ሲል ፊቱን ሊታጠብ ወደ ቧንቧው ሄደ፤ እኔ በሩ ጋ ቆሜያለሁ፣ ሳፋ አልያዝኩም፣ እጄን ነጠላዬ ውስጥ አስገብቻለሁ። ሳፋውን ከቧንቧዋ ሥር አስቀመጠ፤ ሳሙናውን አነሳ። ቧንቧዋን ዘጋ። ተቀባ። ከፈተ፣ ታጠበ፣ ዘጋ። ከዚያ ሳፋውን ከሥሩ አነሳና፣ ራሱ ሳያስበው መሰለኝ፣ ወደ ጽጌረዳዋ ሄዶ ቀስ አድርጎ ሥሯ ላይ አፈሰሰው። ቀና ሲል ተያየን።

አንድ ቃል አልተናገርኩም። ልጄ እንደምትለው በሕይወቴ ዝም ያልኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ በቅሎው ላይ ወጥቼ ከማርቆስ እስክወጣ ድረስም ሳቄን እንደ ሙሉ ገንቦ ይዤው ሄድኩ፣ ጠብታ ሳላፈስ።